የማነጻጸሪያ ዓረፍተ ነገር ስምምነት በእንግሊዝኛ ትምህርት

ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላ እንግሊዝኛ የፈረንሳይኛን ስፍራ ይዞ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ዋነኛው የውጭ ቋንቋ ሆነ። በ1956 ዓ.ም. አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሲደረግ፣ እንግሊዝኛ ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት፣ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ በማስተማሪያነት ቀጠለ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የእንግሊዝኛ ትምህርት ከ1ኛ ክፍል እንዲጀመር ወሰነ። በዚህም ምክንያት በመንዝ ደጋ፣ በሞላሌ አካባቢ አማርኛ ብቻ እየሰማ ያደገ ልጅ ከፍተኛ ትምህርት ለመድረስ ሌላ የቋንቋ ሥርዓት መሻገር ግድ ይሆንበታል። ተማሪው ከሚሰናከልባቸው ስፍራዎች አንዱ የማነጻጸሪያ ዓረፍተ ነገር ነው።

በአማርኛ «በጎቹ ከፍየሎቹ ይልቅ ብርድ ይችላሉ» ሲባል፣ «ይችላሉ» የሚስማማው ከባለቤቱ ከ«በጎቹ» ጋር ብቻ ነው፤ «ከ» የገባበት ስም የራሱ ግሥ የለውም። «ይልቅ»ም በመነሻው «ላቀ» ከሚለው ግሥ የወጣ ቢሆንም በጾታና በቁጥር መለወጡን ትቷል። በእንግሊዝኛ ግን ከ«ዛን» በኋላ ሁለተኛ ባለቤትና ግሥ ሊከተሉ ይችላሉ፦ «ሺ ወርክስ ሃርደር ዛን ዜይ ዱ»። «ወርክስ» ለ«ሺ»፣ «ዱ» ለ«ዜይ» ይስማማሉ።

«ዛን» በጥንቱ እንግሊዝኛ «ከዚያ» የሚል ትርጉም ካለው «ዜን» ጋር አንድ ቃል ነበር። ሮበርት ላውዝ እ.ኤ.አ. በ1762 ባሳተመው ሰዋስው የተከታዩን ተውላጠ ስም ቅርጽ የሚወስነው የተደበቀው ግሥ ነው ብሎ አስተማረ፤ «ዛን አይ» ወይስ «ዛን ሚ» የሚለው ክርክርም ለትውልዶች ዘለቀ። በዕለት ተዕለት ንግግር «ዛን ሚ» የተለመደ ሲሆን፣ ሙሉው «ዛን አይ አም» ግን አያከራክርም።

የአማርኛ ተናጋሪው ስሕተት ሁሉ ከቸልተኝነት የመጣ አይደለም። «አባቴ ከእኔ ይረዝማሉ» የሚል ልጅ የአክብሮቱን ግሥ ይዞ «ማይ ፋዘር አር ቶለር» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። «ሃያ በግ ተሸጠ» የሚለው ቋንቋው ከቁጥር በኋላ ስሙን በነጠላ ስለሚተው፣ በእንግሊዝኛም የብዙ ቁጥር ምልክቱን ይዘነጋል። «የሞላሌ ሌሊቶች ከቆላው ይበርዳሉ» በአማርኛ ይበቃል፤ እንግሊዝኛ ግን ለነጠላ «ዛት ኦፍ»፣ ለብዙ «ዞዝ ኦፍ» ይጠይቃል።

እንግዲህ መምህሩ በቀይ ቀለም ከመሰረዙ አስቀድሞ የስሕተቱን ምንጭ ቢለይ፣ ተማሪው ቋንቋውንና አክብሮቱን እንደ ጉድለት አይቆጥርም። የተደበቀውን ግሥ በመጀመሪያ በሙሉ ማስጻፍ፣ ኋላም ማሳጠር ይገባል። የቅኔ ቤት መምህራን ግሥንና አገባብን ለየብቻ አጥንተው ማስተማራቸው ለዚህ የቆየ አርአያ ነው። የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጆችም የሁለቱን ቋንቋዎች ዓረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን ቢያቀርቡ፣ የደጋው ልጅ የሚያውቀውን መሠረት አድርጎ ወደማያውቀው ይሻገራል።