ሚስትራል፦ ባለ ሁለት ቱቦ የጠላቂ አየር መቆጣጠሪያ

ክሮም የተለበጠ ናስ፣ ጎማ፣ ሲሊኮን። እ.ኤ.አ. 1950ዎቹ መጨረሻ ገደማ። ላ ስፒሮቴክኒክ፣ ፈረንሳይ።

ጠላቂው ሲሊንደሩን ሲያዝል ይህ ክብ ዕቃ ከማጅራቱ በታች ይውላል። አየር ሲስብ ስሱ የጎማ ዲያፍራም ይሰረጉድና ማንሻዎቹን ይጫናል፤ ቫልቩም ይከፈታል። የሲሊንደሩ ግፊት ወደ ውሃው ግፊት የሚወርደው በአንድ እርምጃ ብቻ ነው። የተተነፈሰው አየር በሁለተኛው ቱቦ ተመልሶ ከዲያፍራሙ አጠገብ ይወጣል። ይህ ቦታ ወሳኝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1943 ፈረንሳዊው ጠላቂ ዣክ ኢቭ ኩስቶ ማርን ወንዝ ውስጥ ቀዳሚውን መሣሪያ ሲሞክር መውጫው ከመግቢያው ርቆ ስለነበር፣ ቀጥ ብሎ ሲቆም አየሩ በከንቱ ይፈስ ነበር።

ባለ አንድ ቱቦው ዓይነት ገበያውን ሲይዝ የሚስትራል መለዋወጫ መመረቱ ቆመ። ናሱ ብዙ ዘመን ይቆያል፤ ቀድሞ የሚደርቀውና የሚሰነጠቀው ጎማው ነው። ጠጋኞች የናሱን አረንጓዴ ዝገት በኮምጣጤ ያጥባሉ፣ ልኩ የሚገጥም ኦሪንግ (የማሸጊያ ቀለበት) ከገበያ ይገዛሉ። ዲያፍራሙና መውጫ ቫልቩ ግን በሲሊኮን እንደ አዲስ መሠራት ነበረባቸው፤ እዚህ የሚታየው ዲያፍራም እንዲህ የተተካ ነው። ከተተካ በኋላ የማንሻዎቹ ከፍታ በጥንቃቄ ይስተካከላል፦ ዝቅ ካለ መተንፈስ ይከብዳል፣ ከፍ ካለ አየሩ ሳያቋርጥ ይፈሳል።