ከወንዝ ክርክር እስከ ሕገ መንግሥት

በየግዛታቸው ራሳቸውን ችለው የሚያስተዳድሩ መሪዎች ለጠቅላላው አገር የሚሆን መንገድ በአንድነት ሊቀይሱ የሚችሉት እንዴት ነው? ይህን ለመመርመር የአሜሪካን ታሪክ መመልከት ይጠቅመናል። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

13ቱ የአሜሪካ መንግሥታት ከእንግሊዝ አገዛዝ ሲወጡ ያቋቋሙት ኅብረት እጅግ የላላ ነበር። በ1781 በጸናው የቃል ኪዳን ውል መሠረት የጋራው ሸንጎ ግብር ለመጣል ሥልጣን ስላልነበረው፥ የጦርነቱን ዕዳ የሚከፍልበትን ገንዘብ ከየመንግሥታቱ ይለምን ነበር። ውሉን ለማሻሻልም የሁሉም ፈቃድ ያስፈልግ ስለ ነበር፥ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ከመቶ 5 ቀረጥ እንዲጣል የቀረበው አሳብ በ1782 ሮድ አይላንድ እንቢ በማለቷ ተሰናከለ። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ፤ በዚያን ጊዜ ግን ሎሚውን ሁሉም ተካፍሎ የሚይዝበት ሥርዓት አልነበረም።

መፍትሔው የተጀመረው ከትንሽ ጉዳይ ነው። ቨርጂንያና ሜሪላንድ በሚዋሰኑበት በፖቶማክ ወንዝ ላይ ስለ መርከብ ጉዞና ስለ ዓሣ ማጥመድ መስማማት አስፈልጓቸው፥ መልእክተኞቻቸው በማርች ወር 1785 በማውንት ቨርነን በጆርጅ ዋሽንግተን ቤት ተሰብስበው ውል አደረጉ። ቀጥሎም ቨርጂንያ ስለ ንግድ ለመምከር መንግሥታቱን ሁሉ በ1786 ወደ አናፖሊስ ጠራች። የተገኙት የ5 መንግሥታት 12 መልእክተኞች ብቻ ነበሩ፤ የከተማይቱ ባለቤት ሜሪላንድ እንኳ ሰው አልላከችም። እነዚህ ጥቂቶች ግን በከንቱ አልተበተኑም፤ አሌክሳንደር ሐሚልተን ባዘጋጀው ጽሑፍ በሚመጣው ዓመት በፊላዴልፍያ ሰፊ ጉባኤ እንዲደረግ አሳሰቡ።

በ1787 በፊላዴልፍያ የ12 መንግሥታት 55 መልእክተኞች ተገኙ። ብዙ ሕዝብ ያላቸው ውክልናው በሕዝብ ብዛት እንዲሆን ሲሹ፥ ትንንሾቹ እኩልነትን ይጠይቁ ነበር። ከብዙ ክርክር በኋላ የሕግ መምሪያው ምክር ቤት በሕዝብ ብዛት፥ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በእኩል ድምፅ እንዲቋቋም ተስማሙ። 39 መልእክተኞች ፈረሙ፤ በ1788ም የሚያስፈልገው የ9 መንግሥታት ፈቃድ ተሟልቶ ሕጉ ጸና።

በማውንት ቨርነን ከመከሩት አንዱ የነበረው ጆርጅ ሜሰን ግን የሰው መብት በሕጉ አልተዘረዘረም በማለት ሳይፈርም ቀረ። ተቃውሞው ከንቱ አልሆነም፤ በ1791 መብትን የሚያስከብሩ 10 ማሻሻያዎች ተጨመሩ።

በዚያው ጉባኤ ለውክልና ቆጠራ 5 ባሮች እንደ 3 ሰዎች እንዲቆጠሩ ተወስኗል፤ ባሮቹ ግን ድምፅም ተናጋሪም አልነበራቸውም። ሜሰን በጉባኤው ወንበር ስለ ነበረው አሳቡ በ4 ዓመት ውስጥ መልስ አገኘ፤ ወንበር ያልነበራቸው ግን የባርነት ሥርዓት በሕገ መንግሥቱ እስኪሻር፥ ከአስከፊ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ እስከ 1865 ድረስ 78 ዓመት ጠበቁ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። ጥቂቶች ብቻ ቢገኙም ምክርን መጀመር ይገባል፤ በምክሩም ጊዜ ተስማማን ከማለታችን በፊት ያልተጠራ ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባናል።