የኢፕሲላንቲስ ቤት

ኢፕሲላንቲስ ከጥቁር ባሕር ዳርቻ፣ ከትራብዞን የመጣ የግሪክ ቤተሰብ ስም ነው። ቤተሰቡ ራሱን ከትራብዞን ነገሥታት፣ ከኮምኔኖሶች ዘር ጋር ያዛምድ ስለነበር አንዳንዶቹ የቤቱ ሰዎች «ኮምኔኖስ» የሚለውን ስም ከራሳቸው ጋር ደርበው ይጽፉ ነበር። ትራብዞን በ1461 በኦቶማን ቱርኮች እጅ ከወደቀች በኋላ በመጡት ዘመናት ቤተሰቡ ወደ ቁስጥንጥንያ ተሻግሮ ፋናር በሚባለው ሰፈር ከተመ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፋናር ተራ ሰፈር አልነበረም። ከ1600 ገደማ ጀምሮ የቁስጥንጥንያ ፓትርያርክ መንበር ያለው እዚያ ነው። በመንበሩ ዙሪያ ነጋዴዎች፣ ሐኪሞችና ቋንቋ አዋቂ ጸሐፊዎች ተሰባሰቡ፤ ልጆቻቸውንም ጣሊያን አገር ድረስ ልከው ያስተምሩ ነበር። የሱልጣኑ መንግሥት ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር የሚደራደርበት ሰው ሲያስፈልገው በ1661 የታላቁ አስተርጓሚነት ሹመት ተፈጠረና ለእነዚህ ግሪኮች ተሰጠ። ስሙ አስተርጓሚ ይባል እንጂ ሥራው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት ያህል ነበር። ከ1711 ጀምሮ ሞልዳቪያን፣ ከ1716 ጀምሮ ደግሞ ዋላኪያን፣ ማለትም ዛሬ በሩማኒያና በሞልዶቫ የሚገኙትን ሁለት ክርስቲያን አገሮች፣ የሚገዙት ልዑላን ከፋናር ቤተሰቦች መሾም ጀመሩ። ሹመቱ በገንዘብ የሚገዛ ነበር። ተሿሚው ለቁስጥንጥንያ ባለሥልጣናት የከፈለውን ከገበሬው በግብር መልሶ ይሰበስባል፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ይሻራል፤ ሱልጣኑ ከተቆጣም አንገቱን ይቀላል። የፋናር መሳፍንት ትምህርትና ሕግ ማስፋፋታቸው እውነት ነው። የሩማኒያ ገበሬ ግን ዘመናቸውን በምሬት ማስታወሱ ፍትሐዊ ነው።

ከቤተሰቡ ቀድሞ በጽሑፍ የታወቀው በ1711 የተወለደው ሐኪም አትናቴዎስ ኮምኔኖስ ኢፕሲላንቲስ ነው። ቁስጥንጥንያ በ1453 ከወደቀች በኋላ የሆነውን እስከ ራሱ ዘመን ድረስ መዝግቧል። ሥራው የታተመው እሱ ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1870 ቢሆንም፣ የቤተ መንግሥቱንና የፓትርያርኩን መንበር የውስጥ ነገር በቅርብ ያየ ሰው ምስክርነት በመሆኑ ለታሪክ ጸሐፊዎች ትልቅ ጥቅም ሰጥቷል።

ቤቱን ወደ ልዕልና ያወጣው ትልቁ አሌክሳንድሮስ ነው። በ1774 ዋላኪያን እንዲገዛ ተሾመ። ቡካሬስት ውስጥ አዲስ ቤተ መንግሥት ሠራ፣ ትምህርት ቤቱን አደራጀ፣ በ1780ም በግሪክኛና በሩማንኛ የተጻፈ የሕግ መጽሐፍ አወጣ። በግዛቱ ዳኝነት እንደየልማዱና እንደየዳኛው ፈቃድ ይለዋወጥ ስለነበር ይህ ሕግ በጣም አስፈላጊ ነበር። የአሌክሳንድሮስን ሥልጣን ያናጋው ከገዛ ቤቱ የመጣ ነገር ነበር፤ ሁለት ወንዶች ልጆቹ ተደብቀው ወደ ኦስትሪያ ኮበለሉ። ሱልጣኑ ይህን እንደ ክህደት እንደሚያየው ስላወቀ በ1782 ሹመቱን ለቀቀ። በኋላ በሞልዳቪያ ተሾመ፣ በጦርነት በኦስትሪያውያን ተማረከ፣ ተመልሶም ዋላኪያን ለአጭር ጊዜ ገዛ።

ከኮብላዮቹ አንዱ ቆስጠንጢኖስ ነበር። ምሕረት አግኝቶ ተመለሰ፤ ከ1796 እስከ 1799 ታላቅ አስተርጓሚ፣ ከዚያ የሞልዳቪያ፣ ከ1802 ጀምሮ ደግሞ የዋላኪያ ልዑል ሆነ። ልቡ ግን ከሩሲያ ጋር ነበር፤ በ1804 በቱርክ ላይ የተነሡትን ሰርቦችም ረድቷል። የናፖሊዮን አምባሳደር በሱልጣኑ ዘንድ ባደረገው ግፊት በነሐሴ 1806 ተሻረ። ሩሲያ ሽረቱን የውል ጥሰት አድርጋ ወሰደችው፤ እስከ 1812 ለዘለቀው የሩሲያና የቱርክ ጦርነት ከቅርብ ምክንያቶቹ አንዱም ይኸው ነበር። ልጁ ወደ ሩሲያ ሲያመልጥ ዕዳውን አባቱ ከፈለ፤ ትልቁ አሌክሳንድሮስ በሰማንያ ዓመቱ ገደማ በ1807 ቁስጥንጥንያ ውስጥ ተገደለ። ቆስጠንጢኖስም በ1816 በስደት ኪየቭ ሞተ።

የቆስጠንጢኖስ ልጆች ያደጉት በሩሲያ ነው። የበኩር ልጁ አሌክሳንድሮስ በ1792 ተወልዶ በንጉሠ ነገሥቱ ፈረሰኛ ጦር ገባ፤ በ1813 በድሬስደን ውጊያ ቀኝ እጁን አጣ። በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ የቀዳማዊ አሌክሳንደር እልፍኝ አስከልካይና ሜጀር ጄኔራል ሆነ። በዚያ ጊዜ ፊሊኪ ኤቴሪያ የሚባል የግሪኮች ምሥጢራዊ ማኅበር ነበር፤ በ1814 ኦዴሳ ላይ የመሠረቱት ስኩፋስ፣ ክሳንቶስና ጻካሎፍ የተባሉ ሦስት ሰዎች ናቸው። ዓላማው ግሪክን ነጻ ማውጣት ቢሆንም ስሙ የገነነ መሪ አልነበረውም። መጀመሪያ የተለመነው የሩሲያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው ግሪካዊው ዮአኒስ ካፖዲስትሪያስ አልቀበልም አለ። በ1820 ጥያቄው ለአሌክሳንድሮስ ቀረበ፤ እሱም ተቀበለ።

መጋቢት 6 ቀን 1821 ከጥቂት ተከታዮቹ ጋር የፕሩትን ወንዝ ተሻግሮ ሞልዳቪያ ገባ። ያሺ ላይ ባወጣው አዋጅ ግሪኮችን ለሃይማኖትና ለአገር እንዲነሡ ጠራ፣ አንድ ኃያል መንግሥትም ከጎናቸው እንዳለ አመለከተ። ይህ ቃል ሩሲያን የሚመለከት ነበር፤ ሩሲያ ግን ምንም ቃል አልገባችም። በዚያ ሰሞን ላይባኽ ላይ ከኦስትሪያ መሪዎች ጋር ጉባኤ ተቀምጦ የነበረው የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ዓመፁን በግልጽ አወገዘ፣ አሌክሳንድሮስንም ከጦሩ አሰናበተ። ፓትርያርክ ጎርጎርዮስ 5ኛ ዓመፀኞቹን አወገዟቸው፤ ውግዘቱ ግን አላዳናቸውም፤ በዚያው ዓመት በትንሣኤ ዕለት በመንበረ ፓትርያርኩ በር ላይ ተሰቀሉ። በጋላትስና በያሺ የአሌክሳንድሮስ ሰዎች ሰላማዊ ቱርኮችን ጨፍጭፈዋል፤ መሪያቸውም ይህን በጊዜው አልቀጣም። ይህ ጥፋት በስሙ ላይ የቀረ ነው።

ሌላው ስሕተቱ የአገሬውን ሕዝብ ልብ አለማወቁ ነበር። በዋላኪያ በዚያው ወቅት ቱዶር ቭላዲሚሬስኩ ገበሬውን አስነሥቶ ነበር። የቱዶር ጠላት ሱልጣኑ ሳይሆን መኳንንቱና የፋናር አገዛዝ ስለነበሩ፣ የሁለት የፋናር ልዑላን ዘር ለሆነ ሰው ደሙን የሚያፈስበት ምክንያት አልነበረውም። ከቱርኮች ጋር ይደራደራል ተብሎ በኤቴሪያ ሰዎች ተይዞ ተገደለ። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ሰኔ 19፣ ድራጋሻኒ ላይ ውጊያው መጣ። በአሌክሳንድሮስ ወንድም በኒኮላዎስ የሚመራው ቅዱስ ጭፍራ የተባለው ክፍል አምስት መቶ ያህል ወጣቶች፣ አብዛኞቹም ተማሪዎች ነበሩ። ቫሲሊዮስ ካራቪያስ የተባለው የፈረሰኛ አዛዥ ዋናው ጦር ሳይደርስ በራሱ ፈቃድ ጥቃት ከፈተ፤ ሲመታም ወጣቶቹ ሜዳ ላይ ብቻቸውን ቀሩ። ብዙዎቹ እዚያው አለቁ። አሌክሳንድሮስ ወደ ኦስትሪያ ሸሸ፤ ኦስትሪያውያን በሙንካች፣ ቀጥሎም በቴሬዚን ምሽግ ከስድስት ዓመት በላይ አሰሩት። በ1827 መጨረሻ ሲለቀቅ ጤናው አልቆ ስለነበር በጥር 1828 ቪየና ውስጥ በ35 ዓመቱ ሞተ።

በኢትዮጵያ በቅድመ አያቱ በአብራም ሃኒባል ምክንያት እንደ ወገን የሚታየው ገጣሚው አሌክሳንደር ፑሽኪን በእነዚያ ወራት በግዞት ኪሺነፍ ነበር፤ ኢፕሲላንቲስንም በቅርብ ያውቀው ነበር። መጀመሪያ ላይ ስለ ዓመፁ በከፍተኛ ስሜት ደብዳቤ ጽፏል። በ1834 ባሳተመው «ኪርጃሊ» በተባለው አጭር ልብወለድ ግን አሌክሳንድሮስ በግሉ ደፋር ቢሆንም ለተነሣበት ሥራ የሚበቃ መሪ አልነበረም የሚል ፍርድ ሰጥቶበታል። ፍርዱ ትክክል ነው። ሆኖም የሞልዳቪያው ሽንፈት ከንቱ አልነበረም። ቱርኮች ወደ ሰሜን እየተመለከቱ ሳሉ በዚያው መጋቢት ፔሎፖኔዝ ተነሣች፣ ያኛው ዓመፅም አልጠፋም። በሩማኒያ በኩል ደግሞ ሱልጣኑ በፋናር ሰዎች ላይ እምነቱ ስላለቀ ከ1822 ጀምሮ አገሬዎችን መሾም ጀመረ። የኢፕሲላንቲስን ቤት ያሳደገው ሥርዓት የፈረሰው በኢፕሲላንቲስ እጅ ነው።

የአሌክሳንድሮስ ታናሽ ወንድም ዲሜትሪዮስ የወንድሙ እንደራሴ ሆኖ በሰኔ 1821 ሂድራ ደሴት ደረሰ፣ ከዚያም ወደ ፔሎፖኔዝ ተሻገረ። አካሉ ደቃቃ፣ ጤናው የታወከ፣ በንግግርም የማይማርክ ሰው ነበር። ተዋጊዎቹና ሕዝቡ በደስታ ሲቀበሉት ባላባቶቹ ሥልጣናቸውን አናካፍልም አሉ፤ በ1822 መጀመሪያ የሕግ አውጪው ምክር ቤት ሰብሳቢነት ተሰጥቶት ከእውነተኛው ሥልጣን ገለል ተደረገ። ትሪፖሊጻ የተባለችው ከተማ በግሪኮች እጅ ወድቃ ነዋሪዎቿ በታረዱ ጊዜ እሱ በሌላ ግንባር ስለነበር ስሙ ከዚያ ደም ንጹሕ ነው።

በሐምሌ 1822 የቱርኩ አዛዥ ድራማሊ ፓሻ ከሃያ ሺህ በላይ ጦር ይዞ አርጎስ ገባ፤ የግሪኮቹ መንግሥት አባላት ወደ መርከብ ሸሹ። ዲሜትሪዮስ ግን ጥቂት መቶ ሰዎች ይዞ ከከተማዋ በላይ ወዳለው ወደ ላሪሳ ምሽግ ወጣ። ምሽጉ ውኃ አልነበረውም። ቢሆንም የጠላት ጦር እዚያ ሲንገላታ የግሪኮቹ አዛዥ ኮሎኮትሮኒስ ሰው ለማሰባሰብ ጊዜ አገኘ፤ ከምሽጉ የነበሩት በሌሊት ሾልከው ወጡ፤ ድራማሊም ስንቅ አልቆበት ሲመለስ ደርቬናኪያ ላይ ተደመሰሰ። በሰኔ 1825 ደግሞ የግብፁ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ልጅ ኢብራሂም ፓሻ ወደ ናፍፕሊዮ ሲገሰግስ፣ ዲሜትሪዮስና ሌላው የግሪኮች አዛዥ ማክሪያኒስ ለርና ወፍጮዎች በተባለው ቦታ ጥቂት መቶ ሰዎች ይዘው መለሱት።

በ1826 የግሪኮቹ ብሔራዊ ጉባኤ ከቱርኮች ጋር የማስታረቁን ሽምግልና ለእንግሊዝ ለመስጠት ሲወስን ዲሜትሪዮስ በጽሑፍ ተቃወመ፤ ጉባኤውም ሹመቱን ገፈፈው። ካፖዲስትሪያስ በ1828 አገሩን ለመምራት ሲመጣ የምሥራቅ ግሪክ ጦር አዛዥ አደረገው። መስከረም 1829 በቴብስና በሊቫዲያ መካከል ፔትራ ላይ የቱርክን ጦር መንገድ ዘግቶ አሸነፈ፤ ቱርኮቹ ለማለፍ ሲሉ ከሊቫዲያ እስከ ስፔርኪዮስ ወንዝ ያለውን አገር ለቀቁ። የነጻነት ጦርነቱ የመጨረሻ ውጊያ ይህ ነው። የወንድማማቾቹ ታሪክ ሲመዛዘን ሚዛን የሚደፋው ዲሜትሪዮስ ነው፤ ወንድሙ በአንድ ዘመቻ የጀመረውን እሱ ስምንት ዓመት በትዕግሥት ተሸክሞ ፍጻሜውን አየ። በነሐሴ 1832፣ 40 ዓመት ሳይሞላው፣ ናፍፕሊዮ ውስጥ ሞተ። የማይኮኖሷ ጀግና ማንቶ ማቭሮጌኑስ እጮኛው ነበረች፤ ጋብቻው ግን አልተፈጸመም።

የዲሜትሪዮስ ዝና ባሕር ተሻግሯል። በ1825 በሚሺጋን አዲስ ለተቆረቆረች ከተማ ዳኛው አውግስጦስ ውድዋርድ ኢፕሲላንቲ የሚል ስም አወጣላት። ከተማዋ ዛሬም በዚሁ ስም ትጠራለች፤ ነዋሪዎቿ በቁልምጫ «ኢፕሲ» ይሏታል፤ በውኃ ማማዋ አጠገብም የዲሜትሪዮስ ሐውልት ቆሟል።

የቤተሰቡ ቅርንጫፍ በኦስትሪያ ቀርቷል። በ19ኛው መቶ ዘመን ዲፕሎማቱ ግሪጎሪዮስ ኢፕሲላንቲስ የአቴናን አካዳሚ ሕንፃ በገንዘቡ ያሠራውን የቪየናውን የባንክ ባለጸጋ የሲሞን ሲናን ልጅ ኢፊጌንያን አገባ። የአሌክሳንድሮስ አስከሬን መጀመሪያ በቪየና፣ ቀጥሎ ቪየና አቅራቢያ በሚገኘው በቤተሰቡ ርስት በራፖልተንኪርኽን አርፎ ከቆየ በኋላ በ1964 ወደ አቴና ተወስዶ ተቀበረ።

በዘመናችን ስሙ በፖለቲካ የተሰማው በጀርመን ነው። በ1957 ሩሰልስሃይም የተወለደችው አንድሬያ ኢፕሲላንቲ ስሙን ያገኘችው ከቀድሞ ግሪካዊ ባሏ ነው። በጥር 2008 በሄሰን ክፍለ አገር በተደረገው ምርጫ የምትመራው የሶሻል ዴሞክራት ፓርቲ 36.7 በመቶ ድምፅ ሲያገኝ ተቀናቃኙ 36.8 በመቶ አገኘ። በግራ ፓርቲው ድጋፍ መንግሥት ለመመሥረት ያደረገችው ሙከራ ግን በኅዳር ወር አራት የራሷ ፓርቲ እንደራሴዎች ድምፃቸውን በመንፈጋቸው ከሸፈ፤ በጥር 2009 በተደገመው ምርጫ ፓርቲዋ ክፉኛ ሲሸነፍ ከመሪነቷ ለቀቀች።