ርካሽ ዋጋ ከየት ይመጣል? ከቀበሌ ካርድ እስከ ሸማቾች ማኅበር



በአዋሽም ሆነ በሰመራ ጓዳ የምታስተዳድር ሴት ሁሉ በየቀኑ አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች፤ ይህችን ብር እንዴት አድርጌ ወር ላድርሳት? ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን ኩፖን ቆርጠውና የቅናሽ ቀን ጠብቀው እንደሚሸምቱ ይነግሩናል። የእኛ ሰፈር ሱቅ የቅናሽ ወረቀት አያድልም። ሆኖም እናቶቻችን ካርድ ይዘው በርካሽ ዋጋ የሸመቱበት ዘመን ነበር። ያ ታሪክ ዛሬ በማኅበራችን ለምንነጋገርበት የጋራ ግዢ ትምህርት ስላለው ባጭሩ ላካፍላችሁ።

ኩፖን በዓለም ላይ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው የነጋዴ ግብዣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 በአሜሪካ ኮካኮላ አንድ ብርጭቆ በነፃ የሚያስጠጣ ወረቀት ማደል ጀመረ፤ የቀመሰ ሰው ገዝቶ እንዲመለስ ነው። ሁለተኛው ራሽን ነው። በእንግሊዝ አገር ከ1940 እስከ 1954 እ.ኤ.አ. ቅቤና ሥጋ በራሽን ይሸጥ ነበር። የመጀመሪያው ብዙ ግዢ ይላል፤ ሁለተኛው ከዚህ በላይ አትግዢ ይላል። ወደ እኛ አገር የመጣው ሁለተኛው ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ የከተማ ነዋሪዎች የቀበሌ ማኅበራትም ተቋቋሙ። ቀጥሎ የቀበሌ ሱቅ መጣ። ቤተሰብ ይመዘገባል፣ ካርድ ይሰጠዋል፤ ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙና፣ ዘይትና ጤፍ ሲመጣ ካርዱ ላይ ምልክት እየተደረገ ይሸጣል። እህሉን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬው በኮታና በተወሰነ ዋጋ እየገዛ ያቀርብ ነበር።

ለከተማ ድኻ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር። የቀበሌው ዋጋ ከነጋዴው ዋጋ በብዙ ያንስ ነበርና። ግን ዋጋው የረከሰው ሌላ ሰው ስለከፈለው ነው። ገበሬው ከገበያ ባነሰ ዋጋ ኮታውን ያስረክባል፤ እህል ከአውራጃ አውራጃ እንዳያልፍ ኬላ ይጠብቃል። ሸማቿም በሰልፍ ሰዓቷን ትከፍላለች። ምን እንደሚመጣ፣ መቼ እንደሚመጣ፣ ጥራቱ ምን እንደሚሆን የምትወስነው እሷ አይደለችም። የካቲት 1982 ዓ.ም ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅና የእህል ንግድ ነፃ ሲወጣ የካርዱም ዘመን ወደ ማብቂያው ተቃረበ።

ካርዱ በከተማ ቀበሌ ለተመዘገበ ሰው ነበር። ከግመሉና ከፍየሉ ጋር የሚዘዋወረው የአፋር ቤተሰብ እህሉን የሚያገኘው እንደ ጥንቱ ከገበያ ነው። ከደጋ ወራጁና ከቆላ ወጪው የሚገናኙበት የባቲ የሰኞ ገበያ ለዚህ ስሙ የታወቀ ነው፤ ከብት፣ ቅቤና ጨው ይዞ የወጣ እህል ይዞ ይመለሳል። አፋር ወደ ገበያ የሚሄደው ደግሞ ወሬ ሳይሰማ አይደለም። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ የሰላሙን፣ የዝናቡን፣ የግጦሹን፣ የገበያውንም ጭምር። የሰማ የሰማውን አጣርቶ ማስተላለፍ ግዴታው ነው። ዋጋ ሳይሰማ ገበያ የገባ ሰው ሻጩ ያለውን ይከፍላል፤ ዳጉ የሰማ ግን ይከራከራል።

ከራሽንም ከነጋዴ ግብዣም የተለየ ሦስተኛ መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በምትባል ከተማ 28 ሰዎች፣ ብዙዎቹ ሸማኔዎች፣ ገንዘብ አዋጥተው ዱቄት፣ ቅቤና ስኳር የሚሸጥ ሱቅ ከፈቱ። ትክክለኛ ሚዛንና ያልተቀላቀለ ዱቄት አቀረቡ። ትርፉንም አባሉ በገዛው መጠን መልሰው አካፈሉት። ቅናሹ ከነጋዴ የተሰጠ ችሮታ አልነበረም፤ የራሳቸው ገንዘብ ነው የተመለሰላቸው።

በአገራችንም የኅብረት ሥራ ሕግ ከ1953 ዓ.ም ጀምሮ አለ። ዛሬ ላሉት የሸማቾች ማኅበራት መሠረት የሆነው በ1991 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 147 ሲሆን፣ በ2009 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 985 ተተክቷል። ዋናው መርሕ አንድ አባል አንድ ድምፅ ነው። የቀበሌዋ ሸማች ካርድ ነበራት፤ የማኅበር አባል ደግሞ ድምፅ አላት።

ዋጋ በትእዛዝ ብቻ እንደማይወርድ ደግሞ በ2003 ዓ.ም አይተናል። መንግሥት በበርካታ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ሲወስን ዘይትና ስኳር ከመደርደሪያ ጠፉ፤ በዚያው ዓመት ጣሪያው ከአብዛኞቹ ላይ ተነሣ።

ወደ እኛ እንምጣ። አዋሽም ሰመራም ብዙው ሸቀጥ በመኪና ተጭኖ የሚመጣባቸው ከተሞች ናቸው፤ በችርቻሮ በገዛን ቁጥር በየመካከሉ ያለውን እጅ ሁሉ እንከፍላለን። ለምሳሌ ያህል 20 አባላት እያንዳንዳችን 5 ኪሎ ስኳር ብንፈልግ 1 ኩንታል ይሆናል። በጅምላና በችርቻሮ መካከል በኪሎ የ10 ብር ልዩነት ቢኖር 1,000 ብር በእጃችን ይቀራል። የጫኝና የባጃጅ 200 ብር ቢወጣ እንኳ ለእያንዳንዳችን 40 ብር ይደርሰናል። በሳሙና፣ በጨው፣ በሩዝና በፓስታም እንዲሁ ነው።

ሙቀታችንን ግን አንርሳ። ቲማቲምና ሽንኩርት በጅምላ ገዝቶ ማስቀመጥ ለመጣል ነው፤ ዱቄትም ብዙ ከቆየ ይነቅዛል፤ ዘይት በጋለ ቆርቆሮ ሥር ሽታው ይለወጣል። ስለዚህ በጋራ የምንገዛው የማይበላሸውን፣ ያውም በአንድ ወር የሚያልቀውን ያህል ይሁን።

ዕቁብ የምንጥል ሴቶች ገንዘብ በእምነት ማሰባሰብ አዲስ አይሆንብንም። የሚጨመረው ጥቂት ነው። ዋጋ ጠይቀው የሚመጡ ሦስት ሴቶች በየወሩ በተራ ይመረጡ። የተገዛበት ደረሰኝ በስብሰባ ላይ ለሁሉም ይታይ። ሚዛኑ አባላት ባሉበት ይመዘን። አባል ያልሆነች ጎረቤትም ዋጋውን ትስማ፤ ዳጉ ለሁሉም ነው።

ደጋፊዎቻችን ለመነሻ ሚዛንና የዕቃ ማስቀመጫ ቢያግዙን እናመሰግናለን። የሸቀጡን ገንዘብ ግን እኛው እናዋጣ፤ ያኔ ዋጋውንም እኛው እንቆጣጠረዋለን። በሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዳችን በወር ምን ያህል ስኳር፣ ሳሙናና ሩዝ እንደምንጨርስ ጽፈን እንምጣ።