ሦስቱ የጃፓን የመንገደኛ መርከቦች

በመጽሔታችን ላይ ስለ ሩቅ አገር መርከብ መጻፍ ምን ያደርጋል የሚል ሳይኖር አይቀርም። ነገሩ የሰው ነገር ሆኖብን ነው። ዓመቶቹን የምናወሳው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ኒፖን ዩሰን ካይሻ የተባለው የጃፓን የመርከብ ኩባንያ በናጋሳኪ ሦስት ትላልቅ መርከቦች አሠርቶ ነበር። ስማቸውም ኒታ ማሩ፣ ያዋታ ማሩና ካሱጋ ማሩ ይባላል። ልብ ብላችሁ እንደሆነ የመነሻ ፊደላቸው የኩባንያው ነው፤ በእኛም ፊደል ቢሆን ነ፣ የ፣ ከ ነው። እያንዳንዳቸው 17 ሺህ ቶን ያህል ነበሩ። ታስበው የነበረው ለአውሮፓ መስመር ነው፤ እዚያ ጦርነት ስለተነሣ ግን ኒታ ማሩ በ1940 ወደ ሳንፍራንሲስኮ መመላለስ ጀመረች። መንግሥት ለማሠሪያው ገንዘብ ሲደጉም በጦርነት ጊዜ ለባሕር ኃይሉ እንዲሆኑለት አስቦ ነበርና ሦስቱንም ወሰዳቸው። ካሱጋ ማሩማ ሥራዋ እንኳ ሳያልቅ ነው የተወሰደችው። የላይኛው ፎቅ ተነሥቶ በምትኩ ጠፍጣፋ የአውሮፕላን ሜዳ ተሠራላቸው፤ ስማቸውም ቹዮ፣ ኡንዮና ታይዮ ተባለ። ፍጥነታቸው አነስተኛ ስለነበረ ይበልጡን የሠሩት አውሮፕላን በማመላለስ ነው።

እንግዲህ ዋናው ታሪክ እዚህ ላይ ነው። በ1939 ስኳለስ የተባለች የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ በልምምድ ላይ ሰጥማ፣ ያለችበትን ፈልጋ ያገኘችው ስከልፒን የምትባል ሰርጓጅ ነበረች። 26 ሰዎች ሞቱ፣ 33ቱ ዳኑ። ስኳለስም ከባሕር ወጥታ ተጠገነችና ሴልፊሽ የሚል አዲስ ስም ወጣላት።

በኅዳር 1943 ስከልፒን በትሩክ ደሴቶች አካባቢ ተመትታ ጠፋች። ከተማረኩት ሰዎቿ 21ዱ በቹዮ፣ በፊት ኒታ ማሩ በነበረችው፣ ተጭነው ወደ ጃፓን ተላኩ፤ የቀሩት በኡንዮ ሄዱ። ታኅሣሥ 4 ቀን በማዕበል መካከል ቹዮን በቶርፔዶ ደጋግማ መትታ ያሰጠመቻት ማን ሆነች? ሴልፊሽ! ስከልፒን ፈልጋ ያገኘቻት ያቺው መርከብ። ከሆድ ውስጥ ማን እንዳለ ከየት ይወቁ? ከ1,200 በላይ ጃፓኖች አለቁ። ከ21ዱ ምርኮኞችም 20ው አብረው ሰጠሙ፤ መቃብርም የላቸው።

ታይዮና ኡንዮም በ1944 በተራቸው በሰርጓጅ ተመትተው ሰጠሙ። የተረፈው አንዱ ምርኮኛ በአጠገቡ የምታልፍ የጃፓን የጦር መርከብ መሰላል ይዞ ወጣ። ጃፓን እንደ ደረሰም በኡንዮ ከሄዱት ጓደኞቹ ጋር በአሺዮ የመዳብ ማዕድን ሲቆፍር ቆይቶ፣ ጦርነቱ ሲያልቅ በ1945 ነጻ ወጣ።