የግሪኮች ቃል በክርስቲያኖች አፍ

በአገራችን አንድ ሰው ነገር ሲያበዛና ሲያራቅቅ «አትፈላሰፍብን» ይባላል። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ነው፤ በትውልድ አገሩ ትርጓሜው ጥበብን መውደድ ነበር፤ ወደ እኛ እስኪደርስ ግን የነቀፋ ጠባይ ለመደ።

ባለፈው ዓመት በታሪክ ሰዓት ስለ ሶቅራጥስ፣ ስለ አፍላጦንና ስለ አርስጣጣሊስ በምንማርበት ቀን ከጓደኞቻችን አንዱ ብድግ ብሎ፤ «እነዚህ በጣዖት አገር የኖሩ ሰዎች ለክርስቲያን ምን ይረቡታል? ለፈተናው ካልሆነ በቀር ስለ ምን እንማራቸዋለን?» አለ። ከክፍሉ ግማሹ አጨበጨበለት፤ ግማሹ አጕረመረመ፤ መምህራችንም መልሱን ራሳችን ፈልገን እንድናመጣ አዘዙን። ጥያቄው ለእኛ የታሪክ ጥያቄ ብቻ አልነበረም። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ፊደል የቈጠርነው ከቄስ ዘንድ ነው፤ ዳዊት ከደገምን በኋላ ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባን፤ በየቤታችንም ፍልስፍና የተማረ ልጅ ሃይማኖቱን ይጥላል ብለው የሚሠጉልን ወላጆች አሉን። ሥጋታቸው እውነት ከሆነ ብናውቀው ይሻላል፤ እውነት ካልሆነም እንዲሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ፍለጋችንን የጀመርነው ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ አቴና በገባ ጊዜ ከኤፊቆሮስ ወገንና ከኢስጦኢኮች ፈላስፎች ጋር ተከራከረ። በአርዮስፋጎስ ቆሞ ሲናገርም የነቢያትን ቃል አልጠቀሰላቸውም፤ የገዛ ባለቅኔዎቻቸውን ጠቀሰላቸው እንጂ። ከጠቀሳቸው አንዱ አራጦስ ነው፤ እርሱም እንደ ጳውሎስ የኪልቅያ ሰው ስለ ነበረ ሐዋርያው የአገሩን ልጅ ቅኔ ሳያውቅ አልቀረም። የትንሣኤን ነገር ባነሣ ጊዜ ግን ከፊሎቹ አፌዙበት። ነፍስ አትሞትም ብሎ ቢያቆም ኖሮ ከአፍላጦን የሰሙት ነገር ነበር፤ የሞተ ሥጋ ይነሣል ማለት ግን ለጆሯቸው እንግዳ ሆነ። እንግዲህ ብድሩም ጠቡም በአንድ ቀን የተጀመሩ ናቸው።

ከብድሩ ሁሉ የታወቀው «ቃል» የሚለው ስም ነው። በዮሐንስ ወንጌል መጀመሪያ ቃል የተባለው በግሪክኛ ሎጎስ ነው፤ ሎጎስ ደግሞ ንግግር ብቻ ሳይሆን ምክንያት፣ ሥርዓትና ማስተዋል ማለትም ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ500 ዓመት ገደማ የኤፌሶኑ ሄራቅሊጦስ ዓለም የሚሄድበትን ሥርዓት ሎጎስ ብሎታል። ወንጌላዊው ዮሐንስም በኤፌሶን እንደ ኖረ በትውፊት ይነገራል፤ ይህ ከሆነ ቃሉ ወደ ትውልድ ከተማው ተመለሰ ማለት ነው። በእርግጥ ወንጌላዊው ከዕብራውያን መጻሕፍትም ሊያገኘው ይችል ነበር፤ በኦሪት እግዚአብሔር በቃሉ ፈጥሯልና። ነገር ግን ይህ ሎጎስ ሥጋ ለብሶ ከሴት ተወለደ ብሎ ያስተማረ ከግሪክ ፈላስፎች አንድ ስንኳ አልነበረም።

ከሐዋርያት በኋላ ከተነሡት መምህራን እኛን እጅግ ያስደሰተን ዮስቲኖስ ነው። በሰማርያ አገር ዛሬ ናብሉስ በምትባለው ከተማ ተወለደ፤ እውነትን ፍለጋም ከመምህር ወደ መምህር ዞረ። የኢስጦኢኮቹ መምህር ስለ እግዚአብሔር ምንም አላስተማረውም፤ የአርስጣጣሊስ ወገን የሆነው ገና ሳያስተምር የደመወዙን ነገር አነሣ፤ የፒታጎራሱ ደግሞ አስቀድመህ ሙዚቃ፣ የከዋክብት ትምህርትና ጂኦሜትሪ ካልተማርህ አልቀበልህም ብሎ አሰናበተው። (የመግቢያ ፈተና ያስቸገረው ተማሪ ሁሉ ይህን ሲያነብ ይጽናና!) በመጨረሻ የአፍላጦንን ትምህርት አገኘና ደስ አለው፤ አንድ ቀን ግን በባሕር ዳር አንድ ሽማግሌ አግኝቶት ስለ ነቢያትና ስለ ክርስቶስ ነገረው፤ አመነም። ካመነ በኋላ የፈላስፎችን ካባ አላወለቀም። በሮም ተቀምጦ ሲያስተምር፤ የሎጎስ ዘር በሰው ሁሉ ስለ ተዘራ እንደ ሶቅራጥስ ያሉት ሰዎች በማስተዋል እስከ ኖሩ ድረስ ከእኛ ወገን ናቸው ይል ነበር። በ165 ገደማ የሞት ፍርድ ተፈረደበት። የፈረደበት የሮም ከተማ ሹም ሩስቲኩስ ራሱ የኢስጦኢኮች ፈላስፋ፣ የንጉሠ ነገሥቱም የማርቆስ አውሬልዮስ መምህር ነበር። ስለዚህ ፈላስፋ ሁሉ የክርስቲያን ወዳጅ ነበር እንዳንል ይህ ፍርድ ይከለክለናል።

የጓደኛችንም ጥያቄ አዲስ አይደለም። በሰሜን አፍሪካ የካርታጎው ጠርጡልያኖስ በ200 ዓ.ም. ገደማ አቴና ከኢየሩሳሌም ጋር ምን ኅብረት አላት ብሎ እርሱንው ጠይቆ ነበር። የሚያስገርመው ግን ይኸው ፍልስፍናን ያወገዘ ሰው ስለ ነፍስ በጻፈው መጽሐፍ ነፍስ አካል አላት የሚለውን የኢስጦኢኮችን ትምህርት ተቀብሎ ማስተማሩ ነው። በሩን የዘጋ መስሎት በመስኮት አስገባው። የእስክንድርያ መምህራን ግን በግልጥ ከፈቱለት። ከእነርሱ አርጌንስ አባቱ በክርስትናው ምክንያት በ202 ገደማ ሲገደል እርሱም ሄዶ ሊሞት ፈልጎ ነበር፤ እናቱ ልብሱን ሸሽጋ በቤት አስቀረችው። በ18 ዓመቱ የትምህርት ቤቱ አለቃ ሆነ፤ ይኸውም የእኛ ዕድሜ መሆኑ ነው! ለአንድ ደቀ መዝሙሩ ሲጽፍ የግሪኮችን ትምህርት እስራኤል ከግብፅ ይዘውት ከወጡት ወርቅ ጋር አመሳሰለው፤ በዚያ ወርቅ ለድንኳኑ ንዋየ ቅድሳት ተሠርቶበታልና። ከግብፅ የተመለሰ ሰው የወርቅ ጥጃ እንዳቆመም አስታውሶ አስጠነቀቀው። እርሱ ራሱ ግን ነፍሶች ከሥጋ በፊት ነበሩ የሚለውን የአፍላጦንን አሳብ እስከ መቀበል ስለ ደረሰ ከሞተ በኋላ ተወገዘ። የወላጆቻችን ሥጋት እንግዲህ ከንቱ ሥጋት አይደለም፤ የደረሰበት ሰው አለ።

በዚያው በእስክንድርያ የአርዮስ ነገር ተነሣ። አርዮስ እግዚአብሔር አንድ፣ የማይለወጥ፣ መገኛ የሌለው ነው የሚለውን ፈላስፎችም የሚናገሩትን አሳብ እስከ ጫፉ ወሰደውና፤ የተወለደ ሁሉ መጀመሪያ አለው፤ ስለዚህ ወልድ ፍጡር ነው አለ። በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች ሲመልሱለት ሆሞኡሲዮስ የሚለውን ቃል በጸሎተ ሃይማኖት አገቡ፤ ይኸውም ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ ነው ማለት ነው። ቃሉ በመጽሐፍ ቅዱስ የለም፤ ለዚህም ብዙ ኤጲስ ቆጶሳት ጠሉት። ከመጽሐፍ የተጠቀሰውን ቃል ሁሉ ግን አርዮሳውያን እንደ ወደዱ ይተረጕሙት ስለ ነበር ከፍልስፍና ቤት የተገኘው ቃል ብቻ አገዳቸው። በሽታውም መድኃኒቱም ከአንድ ገበያ ተገዙ ብንል አልተሳሳትንም።

አሁን ወደ 362 እንምጣ፤ በዚያ አንድ ዓመት ሁለት ነገር ሆኗል። ንጉሠ ነገሥቱ ዩልያኖስ በክርስትና ካደገ በኋላ ወደ ጣዖት የተመለሰ ሰው ነበር። በአቴና ተማሪ ሳለ ባስልዮስና የናዚያንዙ ጎርጎርዮስ በዚያው ይማሩ ነበር፤ ስለ እነዚህ ሁለት ወዳጆች በከተማው ከሁለት መንገድ በቀር አያውቁም፣ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛው ወደ መምህራን ነበረ ተብሎ ይነገራል። ዩልያኖስ በ362 ባወጣው ትእዛዝ የክርስቲያን መምህራን የግሪኮችን መጻሕፍት እንዳያስተምሩ ከለከለ፤ በሆሜር አማልክት ካላመኑ ሄደው ማቴዎስንና ሉቃስን ያስተምሩ አለ። ሰይፍ አልመዘዘም፤ ትምህርት ቤቱን ነው የዘጋው። ራሱ ክርስቲያን ያልነበረው ታሪክ ጸሐፊ አሚያኑስ ስንኳ ይህን ትእዛዝ ነቅፎታል። ጎርጎርዮስም ከሁሉ ይልቅ የተቈጣው በዚህ ነው፤ ጠላት ሊነጥቀን የሚደክምበት ነገር ዋጋ የሌለው ሊሆን አይችልምና። ለጓደኛችን ከሰጠነው መልስ ሁሉ ያሸነፈው ይህ ይመስለናል።

ሁለተኛው ነገር ይህ ነው። ዩልያኖስ የተሰደዱትን ኤጲስ ቆጶሳት ስለ ለቀቀ አትናቴዎስ፤ ይኸውም አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ ለአክሱም የሾመው፤ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ ጉባኤ ሰበሰበ። በዚያን ጊዜ አንዱ ወገን በሥላሴ ሦስት ሂፖስታሲስ አለ ሲል ሁለተኛው አንድ ብቻ ነው እያለ እርስ በርሱ ይወጋገዝ ነበር። አትናቴዎስ ፊተኞቹን ሦስት ስትሉ ሦስት አማልክት ማለታችሁ ነውን ብሎ ጠየቃቸው፤ አይደለም፤ አብ፣ ወልድ፣ መንፈስ ቅዱስ በእውነት አሉ ማለታችን ነው አሉ። ሌሎቹንም አንድ ስትሉ ልዩነት የለም ማለታችሁ ነውን ቢላቸው፤ አይደለም፤ መለኮት አንድ ነው ማለታችን ነው አሉ። ሁለቱም ወገኖች አንድ ሃይማኖት ይዘው በቃል ብቻ ሲጣሉ ተገኙ። ከዚህ በኋላ ባስልዮስና ጓደኞቹ ቃሎቹን ለዩአቸው፤ ኡሲያ ለአንድነቱ፣ ሂፖስታሲስ ለሦስትነቱ ሆነ።

እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ በአካል ሦስት፣ በባሕርይ አንድ እያልን የምናነበንበው ይህንኑ ነው። አካል ሂፖስታሲስ ነው፤ ባሕርይ ኡሲያ ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ሳለን እነዚህ ቃሎች ከፈላስፎች ክርክር አልፈው እንደ መጡ የነገረን አልነበረም። የግዕዝ ሊቃውንት ግን ከግሪኮች አልሸሹም። ቄርሎስ የተባለው መጽሐፍ በአክሱም ዘመን ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ ተተረጐመ፤ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያም አባ ሚካኤል መጽሐፈ ፈላስፋን ከዐረብኛ መልሰዋል፤ በዚያም ሶቅራጥስና አፍላጦን እንደ ገዳም አባቶች ሆነው ይመክራሉ። ግዕዝ በዚህ በባሕርይ ቃል ላይ አንድ ልዩ ነገር አለው፤ ግሪኮች ኡሲያና ፊሲስ ብለው በሁለት ቃል የሚናገሩትን ባሕርይ ብዙ ጊዜ ብቻውን ይሸከመዋል።

የሚያሳዝነውም ታሪክ በዚህ ፊሲስ በሚለው ቃል የመጣ ነው። የእስክንድርያው ቄርሎስ ለክርስቶስ አንድ ፊሲስ ብሎ ሲያስተምር በእውነት ያለ አንድ ሕያው አካል ማለቱ ነበር። በ451 የኬልቄዶን ጉባኤ ክርስቶስ በሁለት ፊሲስ ይታወቃል ብሎ ወሰነ። ለእስክንድርያ ወገን ይህ እንደ ንስጥሮስ ክርስቶስን ለሁለት መክፈል መሰለው፤ ለኬልቄዶን ወገን ደግሞ አንድ ማለት እንደ አውጣኪ ትስብእትን በመለኮት ውስጥ ማጥፋት መሰለው። የእስክንድርያ፣ የሶርያ፣ የአርመንና የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤውን አልተቀበሉም፤ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ተዋሕዶ የምትለውም ያለ መቀላቀልና ያለ መለየት አንድ መሆንን ነው። በ457 በዲዮስቆሮስ ወንበር የተተካውን ፓትርያርክ ፕሮጤርዮስን የእስክንድርያ ሕዝብ ተነሥቶ ገደለው። ከዚህ በኋላ አንዱ ሌላውን እያወገዘ ብዙ መቶ ዓመት አለፈ።

ይህን በክፍል ባነበብን ጊዜ ያው ጓደኛችን፤ «እንግዲያስ 1,500 ዓመት የተጣላነው በፈላስፎች ቃል ነዋ!» ብሎ ተነሣ። ከፊሉን እውነት ተናገረ። የቍስጥንጥንያ ነገሥታት እጅና የታላላቆቹ ከተሞች ቅናት ግን ከቃሉ ያላነሰ ሥራ ሠርቷል፤ ሕዝቡ በፕሮጤርዮስ ላይ የተነሣው ሂፖስታሲስና ፊሲስ ተምታተውበት ብቻ ሳይሆን በንጉሡ ወታደር የተተከለ ጳጳስ ነው ብሎ ጭምር ነው።

በ1964 ከሁለቱም ወገን የመጡ የሃይማኖት ሊቃውንት በዴንማርክ አገር በአርሁስ ከተማ ተገናኙ፤ በ1971ም አራተኛውን ስብሰባ በአዲስ አበባ አደረጉ። በእስክንድርያ በ362 እንደ ተደረገው ሁሉ፤ አንድ ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው፤ ሁለት ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው ብለው ተጠያየቁ፤ ቃሉ ቢለያይም ሃይማኖቱ አንድ ሆኖ እንዳገኙትም ጽፈው ፈረሙ። የቍርባን አንድነት ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም።