ከቁም እስከ ጽፋት፦ ድምፅና ሰውነት በጎንደር አቋቋም

አቋቋም ዜማን ከመቋሚያ፣ ከከበሮና ከጸናጽል ጋር አስተባብሮ የሚያስተምር የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የትምህርት ክፍል ነው። ዋና ማእከሉ ጎንደር ሲሆን፣ የበአታ ለማርያም ጉባኤ ቤት በዚህ ትምህርት ስመ ጥር ነው። በዘመናዊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ዘፋኙም ሆነ ተጫዋቹ መድረክ ከመውጣቱ በፊት ድምፁንና ጡንቻውን ለብቻው ያፍታታል። በአቋቋም ግን ማፍታቻው ከአገልግሎቱ አልተለየም፤ ከማኅሌቱ፣ ማለትም ከዝማሬው አገልግሎት፣ ቅደም ተከተል ውስጥ ገብቶ ይገኛል።

የዜማው ታሪክ የሚጀምረው በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም ከነበረው ከቅዱስ ያሬድ ነው። ገድሉ እንደሚተርከው፣ ያሬድ በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የያዘውን ጦር በያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደም ቢፈስም ዜማው እስኪያበቃ ድረስ የወጋውም የተወጋውም አልታወቃቸውም። ንጉሡ ደንግጦ የፈለገውን እንዲጠይቅ ሲፈቅድለት፣ ያሬድ ወደ በረሃ መሄድን መረጠ። የቀረ ዘመኑንም በሰሜን ተራሮች ደቀ መዛሙርት እያስተማረ እንዳሳለፈ፣ በዚያውም እንደተሰወረ ይነገራል። በዚያው አካባቢ ካለችው ከደባርቅ ከተማ በላይ ያለው ደጋ በዜማ ታሪክ ውስጥ ልዩ ስፍራ ያገኘው በዚህ ትውፊት ነው። መታሰቢያውም በየዓመቱ ግንቦት 11 ይከበራል።

ለያሬድ የሚሰጡት ሦስት የዜማ ስልቶች ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ናቸው። በአፍ ሲወርድ ሲዋረድ የኖረው ዜማ በጽሑፍ ምልክት የተደገፈው በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1533–1551 ዓ.ም.) ሲሆን፣ ሥራው የአዛዥ ጌራና የአዛዥ ራጉኤል እንደሆነ ይታወቃል። ምልክቱ ግን የተማረውን ያስታውሳል እንጂ ያልተማረውን አያስተምርም። የትንፋሹ ርዝመት፣ የጉሮሮው አያያዝና የአካሉ እንቅስቃሴ እስከ ዛሬ ከመምህር ወደ ተማሪ የሚተላለፈው ፊት ለፊት ነው። አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ ከተማዋ በአድባራት ስትሞላ ካህናትና መምህራን ተሰበሰቡባት፤ አቋቋምም በዚያ ጎለመሰ።

ተማሪው አቋቋም ቤት የሚገባው ዜማ ቤት ከቆየ በኋላ ነው። በዜማ ቤት ከአጫጭሩ ጀምሮ ድጓ ወደሚባለው ረጅሙ የዜማ መጽሐፍ ይሄዳል። የኔታ ይመራሉ፤ እርሱ ተቀብሎ ይደግማል፤ ከጓደኞቹ ጋርም ሌሊት ያጠናል። ይህ ልማድ ድምፅን በጥቂት በጥቂቱ የሚያሠለጥን ነው። አቋቋም ቤት ሲገባ ደግሞ በቃሉ ያጠናውን ዜማ ከአካሉ ጋር ማገናኘት ይጀምራል።

የማኅሌቱ አካሄድ በደረጃ የተከፋፈለ ነው። የመጀመሪያው ቁም ነው፤ መሣሪያ ሳይነካ፣ አካልም ሳይነቃነቅ፣ ዜማው በሰው ድምፅ ብቻ ይባላል። ቀጥሎ ዝማሜ ይመጣል። ሊቃውንቱ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆመው መቋሚያቸውን ከዜማው ጋር በዝግታ ያነሣሉ፣ ዝቅ ያደርጋሉ፣ ያዘነብላሉ። በዚህ ጊዜ ክንድና ትከሻ ይላቀቃሉ፣ ወገብና ጉልበትም አብረው ይታዘዛሉ። ሦስተኛው መረግድ ሲሆን፣ ከበሮና ጸናጽል ይገቡበታል፤ መጀመሪያ በርጋታ፣ ኋላም ጠንከር ብሎ ይመታል። በመጨረሻ ጽፋት ይቀጥላል፤ ምቱ ይፈጥናል፣ ጭብጨባ ይጨመራል፣ ከበሮ መቺውም መሣሪያውን ባንገቱ እንዳንጠለጠለ ጉልበቱን እያጠፈና እየዘረጋ ይወዛወዛል። ወረብ የሚባለው ዝማሬም በዚህ ግለት የሚቀርብ ነው።

የዚህ ቅደም ተከተል ጥቅም በደጋ አየር ጎልቶ ይታያል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ሌሊቱ ብርዳም ነው፤ የበዓል ማኅሌት ደግሞ በሌሊት ይቆማል። በቀዘቀዘ ጉሮሮ ድንገት መጮህ ድምፅን ይሰነጥቃል፤ ረግቶ የሚጀመረው ቁም ግን ትንፋሹን ያስተካክላል። ለብዙ ሰዓት ሳይነቃነቅ የቆመ ሰው ደም ወደ እግሩ ይወርድበታል፣ ጉልበቱም ይደርቃል። መቋሚያው የክብደቱን ከፊል ሲሸከምለት፣ የዝማሜው መወዛወዝ ደግሞ ባቱን ስለሚያሠራው ደሙ ይንቀሳቀሳል። ጽፋት ሲደርስ አካሉ የሚዘልበትን ሙቀት አግኝቷል። ከበሮውም ቢሆን ዝግጅት ያስፈልገዋል፤ ቆዳው በእርጥበት ስለሚላላ ፀሐይ ወይም እሳት ሲነካው ተወጥሮ ድምፁ ይጠራል።

ይኸው ሥርዓት በዓመቱ አቆጣጠርም ይታያል። በ55ቱ ቀን ዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፤ የጾመ ድጓው ዜማ በመቋሚያና በዝማሜ ይባላል። ፋሲካ ሲብት መሣሪያዎቹ ይመለሳሉ፣ ሽብሸባውም ይደምቃል።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአካሉ እንቅስቃሴ ራሱ የክርክር ምክንያት ሆነ። በጨዋታ አዋቂነታቸው የሚታወቁት አለቃ ገብረ ሐና የጣና ሐይቅን ማዕበል መወዛወዝ አይተው ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያዘነብል አዲስ ዝማሜ እንደፈጠሩ ይነገራል። የጎንደር ሊቃውንት የለመዱትን መተው ስላልወደዱ አልተቀበሏቸውም። አለቃም ስልቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ እርሱም በደብረ ታቦር አስፋፋው፣ አቋቋሙም በስሙ ተክሌ ተባለ። ከጎንደሩ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ በዋናነት የአካል ነው፤ መነሻው ያው የያሬድ ዜማ ነውና።

ጥር 1880 ዓ.ም. የሱዳን ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ከተማዋ ብዙ አድባራቷን አጣች። ትምህርቱ ግን በሊቃውንቱ ቃልና አካል የተያዘ ስለነበረ ከሕንፃዎቹ ጋር አልጠፋም። ዛሬ የጎንደርና የተክሌ አቋቋም በአገር ውስጥም በውጭ ባሉ አብያተ ክርስቲያናትም ጎን ለጎን ይሰጣሉ። የእንቅስቃሴው መልክ ቢለያይም፣ በዝግታ ጀምሮ በጽፋት የሚደምቀው አካሄድ ለሁለቱም የጋራ ነው።